ላሳልጋዎን፦ ዋጋ በአደባባይ የሚጠራባት ከተማ

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ የህንድ የገበያ ከተማ ነው። ላሳልጋዎን ትባላለች። ስመ ጥር ሐውልት የላትም፣ ቱሪስትም አያዘወትራትም። በመኪና ለሚያልፍባት ሰው ቶሎ ታልቃለች። ግን ጠዋት እዚያ የተጠራ ዋጋ ከሰዓት በኋላ ዴልሂ ይሰማል፣ ኮልካታ ይሰማል። ዱባይና ኮሎምቦ ያለው አስመጪም ጆሮውን ወደዚያው ያቀናል። ምክንያቱ ሽንኩርት ነው።

መጀመሪያ ግን ወደ መቂ ልውሰዳችሁ። መቂና ዝዋይ አካባቢ ቀይ ሽንኩርት የሚያመርት ገበሬ ምን ዘር እንደሚተክል ብትጠይቁት «ቦምቤ ሬድ» ሊላችሁ ይችላል። እዚህ አዳራሽ ያለን ሰዎች ይህን ሽንኩርት ሳንበላው አልቀረንም። ቦምቤ ያው ቦምቤይ ነው፣ ዛሬ ሙምባይ የምትባለዋ የወደብ ከተማ። ሽንኩርት ግን ወደብ ላይ አይበቅልም። ከሙምባይ ተነስታችሁ ተራራውን ወጥታችሁ ስትሻገሩ ሰፊ አምባ ይጠብቃችኋል፤ ሽንኩርቱ የሚበቅለው እዚያ ጥቁር አፈር ላይ ነው። ላሳልጋዎን የምትገኘው በዚያ አምባ ላይ፣ ማሃራሽትራ ግዛት፣ ናሺክ አውራጃ፣ ኒፋድ ወረዳ ውስጥ ነው። ከናሺክ ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። «ጋዎን» በማራቲ ቋንቋ መንደር ማለት ነው። ስሟ እስከ ዛሬ መንደር ነው ማለት ነው።

እኔ እንዴት እንደደረስኩባት ልንገራችሁ። ፑኔ ተማሪ ነበርኩ። ፑኔ የተማረ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ ዛሬም በመካከላችን ሳትኖሩ አትቀሩም። አንድ የክፍሌ ልጅ የኒፋድ ገበሬ ልጅ ነበር። ለበዓል ቤተሰቦቹ ጋ ሲሄድ ይዞኝ ሄደ። አባቱን «ካካ» እያልኩ ነበር የምጠራቸው። በማራቲ የአባት ወንድም ማለት ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው ለታላቅ ሰው ሁሉ ይባላል። የመጀመሪያ ቀን ምሳ የቀረበልኝን ነገር አልረሳውም። ባክሪ የሚባል ወፍራም የማሽላ ቂጣ፣ ትንሽ የተወቀጠ ቃሪያ፣ አንድ ራስ ሽንኩርት። ካካ ሽንኩርቱን በቢላ አልቆረጡትም። መሬት ላይ አስቀምጠው በጡጫ መቱትና ፈነከቱት። «እንዲህ ሲሆን ነው የሚጣፍጠው» አሉኝ። ይህ የማሃራሽትራ ደሃ ገበሬ የዘመናት ምሳ ነው፤ ቂጣና ሽንኩርት። ሽንኩርት ለእነሱ ወጥ ውስጥ የሚገባ ቅመም ብቻ ሳይሆን ራሱ ወጡ ነው። እንግዲህ ዋጋው ከእጅ ሲወጣ ሰው ለምን እንደሚቆጣ ከዚህ ጀምራችሁ አስቡት።

(የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አገሩ የእኛን ደጋ ያስታውሳል። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ልክ እንደ ክረምታችን። አፈሩ የእኛን የመረሬ መሬት ይመስላል፤ ሲረጥብ እግር ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ግን የምዕራቡ ተራራ ዝናቡን አስቀድሞ ስለሚወስደው ወደ ኒፋድ የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። ስለዚህ ገበሬው በጉድጓድ ውኃና በቦይ ይኖራል። ጎዳቫሪ የተባለው ታላቅ ወንዝ የሚነሳው እዚያው ናሺክ አውራጃ ነው። ናንዱር ማድሜሽዋር የሚባል አሮጌ ግድብ አለ፣ የእንግሊዞች ዘመን ሥራ ነው። ከግድቡ ኋላ የተኛው ውኃ የወፎች መጠለያ ሆኖ ዓለም አቀፍ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ረግረጋማ ቦታዎች ተመዝግቧል። ወረዳው ወይንም ያበቅላል። ወይን ግን ገንዘብ ላለው ነው፤ እንጨት፣ ሽቦና መድኃኒት ይፈልጋል። አንድ ሁለት ሄክታር ብቻ ያለው ሰው ተስፋውን የሚጥለው ሽንኩርት ላይ ነው።

ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ግን ባቡር ነው። ከቦምቤይ የሚነሳው ሐዲድ በ1860ዎቹ ተራራውን ወጥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲዘረጋ ላሳልጋዎን አንድ ጣቢያ ደረሳት። የገበያ ከተማ አወላለድ ይኸው ነው። በዙሪያው መንደሮች አሉ፣ መካከላቸው ባቡር ይቆማል፣ ጣቢያው አጠገብ አንድ ነጋዴ መጋዘን ይሠራል። ከዚያ ሻይ ቤት፣ ከዚያ አንጥረኛ፣ ከዚያ አበዳሪ ይመጣል። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ። እኔን እስከ ዛሬ የያዘኝ እሱ ነው።

ሌሊቱን ነው የሚጀምረው። ካካ ከነልጃቸው ማታውኑ ሽንኩርቱን ትራክተር ላይ በታሰረ ተሳቢ ጭነው አደሩ። አንድ ተሳቢ 20 ኩንታል ገደማ ይይዛል። በጆንያ አይደለም፣ እንዲሁ ልቅ ነው የሚጫነው፤ ገዢ እንዲያየው ነው። ሳይነጋ ተነሳን። ላሳልጋዎን ስንደርስ ገበያው ግቢ ውስጥ ትራክተር በረድፍ በረድፍ ተሰልፏል። መቶዎች ናቸው። ሾፌሩ ሽንኩርቱ ላይ ተኝቷል። ልጆች በተሳቢዎቹ መካከል ሻይ እያዞሩ ይሸጣሉ። ሁሉም ሰው ጎረቤቱ ተሳቢ ላይ ያለውን ሽንኩርት በዓይኑ ጎን ያያል፤ የእኔ ይሻላል ወይስ የእሱ እያለ።

ወደ ሦስት ሰዓት አካባቢ ጨረታው ተጀመረ። ነጋዴዎቹ በቡድን ሆነው ሰልፉን ተከትለው ይመጣሉ። ከፊታቸው የገበያው ኮሚቴ ሠራተኛ አለ፣ ዋጋ የሚጠራው እሱ ነው። አንድ ተሳቢ ጋ ይቆማሉ። አንዱ ነጋዴ እጁን ከታች ሰዶ ሽንኩርት ያወጣል፣ ከላይ ያለው ሁሌም ቆንጆ ነውና። ይጨምቀዋል። ልጣጩን በአውራ ጣቱ ይፈትሻል። አንገቱን ያያል፣ አንገቱ ወፍራም ከሆነ አይቆይም። ከዚያ ጥሪው ይጀምራል። ዋጋው በኩንታል ነው። አንዱ ይላል፣ ሌላው ይጨምራል፣ ጠሪው እየደጋገመ ይጮሃል። ትንፋሽ ሳትስቡ ያልቃል። ወረቀት ይቆረጣል፣ የገዢው ስምና ዋጋው ይጻፍበታል፣ ለገበሬው ይሰጠዋል። ቡድኑ ወደሚቀጥለው ተሳቢ ያልፋል። ከዘር መደብ ጀምሮ አራት አምስት ወር የተለፋበት ነገር አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

እኔ የካካን ፊት ነበር የማየው። ዋጋው ሲጠራ ምንም አላሉም። ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አጥፈው የሸሚዛቸው ኪስ ከተቱት። ገበሬው ዋጋው ካልጣመው አልሸጥም ማለት ይችላል፣ ሕጉ ይፈቅድለታል። ግን ትራክተሩን ተከራይቶ ከሆነ፣ መንገዱ ሩቅ ከሆነ፣ ሽንኩርቱም መላብ ከጀመረ እንዴት አድርጎ ይመልሰዋል?

ከዚያ በኋላ ትራክተሩ የምድር ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ይመዘናል፣ ወደ ነጋዴው ግቢ ሄዶ ይራገፋል። እዚያም ጭቅጭቅ ይነሳል። ነጋዴው «ከላይ ያየሁትና ከታች ያለው አንድ አይደለም» ብሎ ዋጋ ሊቀንስ ይሞክራል። ገበሬው ወደ ኮሚቴው ይሄዳል። ካልተስማሙ ኮሚቴው ይዳኛቸዋል። ገንዘቡ በ24 ሰዓት ውስጥ መከፈል አለበት። በዚያው ቀን የሚከፍልም ብዙ ነው።

ይህ አደባባይ ላይ የሚጠራ ዋጋ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ከእሱ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። ድሮ በብዙ የህንድ ገበያ ዋጋ የሚነገረው በጨርቅ ስር ነበር። ደላላውና ገዢው እጃቸውን በፎጣ ወይም በልብስ ጫፍ ሸፍነው ይጨባበጣሉ። ጣት በመጫን ዋጋ ይናገራሉ። ገበሬው አጠገባቸው ቆሟል። ንብረቱ የእሱ ነው። ግን የሚባለውን አይሰማም። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የግመል ገበያ የሄደ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ተንኮል ነው አልልም፤ ሚስጥር መጠበቂያም ነው። ነገር ግን ማንበብ ለማይችል፣ ለዚያው ነጋዴ ዕዳ ላለበት ገበሬ በጨርቅ ስር ያለ እጅ ፈጽሞ ወዳጅ አይሆንም። ከዚያም ላይ ከሚዛኑ ይቀነሳል፣ ለቤተ መቅደስ ተብሎ ይቀነሳል፣ ለጠራጊው ተብሎ ይቀነሳል። ቀርቶ የሚደርሰው ትንሽ ነው።

ይህን ለማስተካከል የቦምቤይ ግዛት በ1939 የገበያ ሕግ አወጣ። በዚህ መንገድ የተቋቋሙት የገበያ ኮሚቴዎች ጨረታውን ወደ ብርሃን አወጡት። የላሳልጋዎን ኮሚቴ የተመሠረተው በ1947 ነው፣ ህንድ ነፃ በወጣችበት ዓመት። ማሃራሽትራ ደግሞ ራሷን ችላ ግዛት ከሆነች በኋላ በ1963 የራሷን ሕግ አወጣች። ኮሚቴው በምርጫ ነው የሚሰየመው። ከአባላቱ አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው፣ ሁለት መቀመጫ ለነጋዴ አለ፣ አንድ ደግሞ ለጫኝ አውራጅና ለመዛኝ። ይህቺን የመጨረሻዋን አንዷን መቀመጫ ልብ በሉልኝ፣ እመለስባታለሁ። ኮሚቴው እንከን የለውም አልልም። ፖለቲከኛ ይዋጋበታል። የነጋዴ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ቁጥር ትንሽ ነው፣ ጥቂት ገዢ ደግሞ ተነጋግሮ መምጣት ይቀለዋል። ይህ ክስ ለዓመታት ሲነሳ የኖረ ነው። እኔ ግን ቆሜ ያየሁትን ልናገር። ገበሬው ዋጋውን በጆሮው ሰማ። የጎረቤቱንም ሰማ። ማታ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «ለእኔ ለምን ያነሰው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህ መብት ነው፣ ደግሞም ተለፍቶበት የመጣ መብት።

እስቲ ደግሞ ግቢው ውስጥ ያሉትን ሰዎች እንያቸው።

ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ማርዋሪ ይባላሉ። አያቶቻቸው ከራጃስታን በረሃ ተነስተው የመጡ የንግድ ቤተሰቦች ናቸው። ከእነሱም ውስጥ ጄይን የሚባለውን እምነት የሚከተሉ አሉ። እምነቱን አጥብቆ የሚይዝ ጄይን ከመሬት ስር የሚበቅል ነገር አይበላም፤ ሲነቀል ነፍስ ያላቸው ትንንሽ ፍጥረታት ይሞታሉ ብሎ። ስለዚህ ሽንኩርት አይቀምስም። ዕድሜውን በሙሉ ሽንኩርት ጨምቆ፣ አሽትቶ፣ ቀለሙን ለይቶ ያውቃል፤ ቤቱ ግን አይገባም። ይህን ስሰማ በጣም ገረመኝ። ከሂንዱዎቹም ብዙ ሰው በተቀደሱ ወራት ሽንኩርት ይተዋል። ሽራቫን የሚባለው ወር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይውላል፣ ያኔ ገበያው ይቀዘቅዛል። እኛ ጋ ጾም ሲገባ የሽንኩርት ወጪያችን እንደሚጨምር ለጓደኛዬ ስነግረው እሱም በተራው አላመነኝም። ለነገሩ ላሳልጋዎን ራሷ በጨረቃ ትመራ ነበር። ጨረቃ በምትሰወርበት ቀን ጨረታ አለማካሄድ የቆየ ልማዷ ነበር።

ከነጋዴው ቀጥሎ ሀማል አለ፣ ጫኝ አውራጁ። አረብኛ የምትችሉ ቃሉን ታውቁታላችሁ። ከሀማሎቹ ጎን መሬት ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት የሚመርጡ ሴቶች አሉ። ትልቁን፣ መካከለኛውን፣ ትንሹን፣ የተጎዳውን ይለያሉ። እጃቸው ሳይታይ ይሠራል። የሽንኩርት ልጣጭ አቧራ ሳሪያቸው ላይ ሮዝ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ ሽንኩርቱ በመረብ ከረጢት ይሞላል፣ ሀማሉ ጭንቅላቱና ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ካሚዮን ይሮጣል። ቃሌን ልብ በሉ፣ አይራመድም። የሚከፈለው በጫነው ልክ ስለሆነ ይሮጣል።

የህንድ የገበያ ከተማ ስትታይ ማን ይሸከማል የሚለው ጥያቄ ሰው ሲወለድ ከሚሰጠው የዘር ደረጃ፣ ካስት ከሚባለው፣ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ዘልሎ የሚያወራ ሰው ሙሉውን አልነገራችሁም። ከላሳልጋዎን ብዙም የማትርቅ ዬዎላ የምትባል ሌላ የገበያ ከተማ አለች። ፓይታኒ በሚባል የሐር ሳሪ ሽመና ትታወቃለች። ከዘር ደረጃው በታች ተደርገው የማይነኩ የተባሉት ሰዎች መሪ ዶክተር አምቤድካር በጥቅምት 1935 ሰው ሰብስበው «ሂንዱ ሆኜ ተወለድኩ፣ ሂንዱ ሆኜ ግን አልሞትም» ያሉት እዚያች ዬዎላ ላይ ነው። እኒህ ሰው በኋላ የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆኑ። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1930፣ ናሺክ ካላራም ቤተ መቅደስ በር ላይ የማይነኩ የተባሉ ሰዎች እንግባ ብለው ተሰልፈው ነበር። የዚያ ስብሰባ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም በዚያ አውራጃ ይኖራሉ፣ ይሸከማሉ፣ ያስተምራሉ፣ ይመረጣሉ።

ፑኔ ስኖር ባባ አዳቭ ስለሚባሉ ሰው ብዙ እሰማ ነበር። ሐኪም ነበሩ። የፑኔን ሀማሎች ሀማል ፓንቻያት በሚባል ማኅበር አደራጁ። በ1969 ማሃራሽትራ የጫኝ አውራጅ ሠራተኞችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፣ የዚህ ዓይነት ትግል ፍሬ ነው። ማኅበሩ «ካሽታቺ ባካር» የሚባል ምግብ ቤትም ከፈተ፣ «የድካም እንጀራ» ብዬ ልተረጉመው። በርካሽ ይበላበታል፣ እኔም ተማሪ ሆኜ በልቼበታለሁ። በ1970ዎቹ ደግሞ ባባ አዳቭ «አንድ መንደር አንድ ውኃ» የሚል ዘመቻ ይዘው በየመንደሩ ዞሩ፤ ሁሉም ዘር ከአንድ ጉድጓድ ይቅዳ ለማለት። እንግዲህ ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ የኮሚቴው አንድ መቀመጫ ይህ ሁሉ ነገር አለበት። አንድ ብቻ መሆኗ ያንሳል እላለሁ። ግን አለች።

ወደ ሽንኩርቱ ልመለስ። ሽንኩርት በዓመት ሦስት ጊዜ ይመጣል። የክረምቱ ምርት ከጥቅምት ጀምሮ ይደርሳል፣ ዘግይቶ የተተከለው ከጥር በኋላ ይከተላል። እነዚህ ውኃ የበዛባቸው ናቸው፣ አይቆዩም፣ ወዲያው መሸጥ አለባቸው። ሦስተኛው በብርድ ተተክሎ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚነሳው ነው። የአገሩን ምርት ከግማሽ በላይ የሚሸፍነው እሱ ነው። የሚቀመጠውም እሱ ነው። እስከ ጥቅምት ድረስ ህንድ የምትበላው ይህን የተቀመጠ ሽንኩርት ነው።

የሚቀመጥበትን ቤት «ካንዳ ቻል» ይሉታል። ረዥም፣ ጠባብ፣ ከመሬት ከፍ ያለ። ግድግዳው ርብራብ ነው፣ ንፋስ በጎንና በስር እንዲገባ። ጣሪያው ቆርቆሮ ወይም ሸክላ። በየገበሬው ጓሮ አለ። እኔ የካካን ቻል ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ማሽተት ነበር፣ እሳቸው ያስተማሩኝ ነው። አንድ የበሰበሰ ሽንኩርት ሽታው ይለያል። ቶሎ ካልተለቀመ ጎረቤቶቹን ይዞ ይሄዳል። በአምስት ስድስት ወር ውስጥ ከተቀመጠው እስከ ሲሶ ድረስ ሊጠፋ ይችላል። ግማሹ ይበሰብሳል፣ ግማሹ ያቆጠቁጣል፣ የቀረው ደርቆ ክብደቱ ይቀንሳል። ገበሬው በየሳምንቱ ይቆጥራል፦ ዋጋ ይጨምራል ብዬ ልጠብቅ ወይስ ሳይበሰብስብኝ ልሽጥ?

ለዚህ ችግር የህንድ የአቶም ምርምር ማዕከል በ2002 እዚያው ላሳልጋዎን አንድ ተቋም ከፈተ። ክሩሻክ ይባላል። ሽንኩርቱ በኮባልት ጨረር ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጎ እንዳያቆጠቁጥ ይደረጋል። ሽንኩርቱ ራዲዮአክቲቭ አይሆንም፣ ብዙ ሰው ስለሚፈራ ነው የምነግራችሁ። ያ ተቋም ግን ስሙ የገነነው በማንጎ ነው። ከ2007 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚሄድ የህንድ ማንጎ እዚያ በጨረር ታክሞ ይላክ ጀመር፣ ተባይ እንዳይሻገር። ለአሜሪካ የሚላክ ማንጎ ውድ ነው፣ የጨረሩን ወጪ ይሸፍናል። ሽንኩርት ርካሽ ነው፣ ያን ወጪ በቀላሉ አይሸከምም። ለሽንኩርት የተሠራ ቤት ደጃፍ ላይ የሽንኩርት ገበሬው እንደ ድሮው ቻሉን እያሸተተ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ዴልሂ እንሂድ፣ የላሳልጋዎን ዕጣ ግማሹ እዚያ ነውና።

ህንድ ውስጥ ሽንኩርት መንግሥት ይጥላል ይባላል። አባባል ብቻ አይደለም። በ1980 ምርጫ ኢንድራ ጋንዲ የሽንኩርትን መወደድ ይዘው ቀስቅሰዋል፣ አሸንፈዋልም። በ1998 ሽንኩርት ተወደደና የዴልሂ ግዛት አስተዳደር በምርጫ ወደቀ። ያ የወደቀው ፓርቲ ዴልሂን መልሶ የያዘው በ2025 ነው፣ ከ26 ዓመት በላይ ቆይቶ። ከዚህ ሁሉም ፖለቲከኛ አንድ ትምህርት ወሰደ፤ ሽንኩርት እንዳይወደድ። ስለዚህ ዋጋ ከፍ ማለት ሲጀምር መንግሥት ወደ ውጭ መላክ ይከለክላል። በመስከረም 2019 ከለከለ። በመስከረም 2020 እንደገና ከለከለ። በነሐሴ 2023 የ40 በመቶ የወጪ ንግድ ቀረጥ ጣለ፤ የናሺክ ነጋዴዎች ጨረታ ዘጉ፣ መንግሥትም ኩንታሉን በ2,410 ሩፒ እገዛለሁ ብሎ ቃል ገባ። በታኅሣሥ 2023 ጭራሽ ዘጋው፣ እስከ ግንቦት 2024 ድረስ።

ዋጋ ሲወድቅስ? ይህ ነው እኔን የሚያመኝ። በ2018 መጨረሻ ላይ ዋጋ ወደቀ። አንድ የኒፋድ ገበሬ 750 ኪሎ ሽንኩርት ሸጦ 1,064 ሩፒ አገኘ። ኪሎው አንድ ሩፒ ከ40 ፓይሳ ገደማ ማለት ነው። ገንዘቡን ይዞ ፖስታ ቤት ሄደ። የመላኪያውን 54 ሩፒ ከኪሱ ጨምሮ ሁሉንም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ላከው። ያ ዜና ህንድን አዳረሰ። ሽንኩርት ሲወደድ ካሜራው በሙሉ ከተማ ላይ ነው፣ ዘንቢል የያዘች እናት ላይ። እሷም እውነቷን ነው፣ ልጆቿን የምታበላው ከዚያ ነው። እኛም ሽንኩርት ሲወደድ ቤታችን ውስጥ ምን እንደሚባል እናውቃለን። ግን ሲረክስ ካሜራ ላሳልጋዎን እንዲመጣ ሰው 1,064 ሩፒውን በፖስታ መላክ አለበት?

ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ያነሱት ሻራድ ጆሺ ናቸው። የህንድ ፖስታ አገልግሎት ባለሥልጣን ነበሩ፣ ከዚያ ስዊዘርላንድ በርን በዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት ሠሩ። ያንን ትተው መጡና ፑኔ አጠገብ ቻካን አካባቢ መሬት ገዝተው ማረስ ጀመሩ። ሲያርሱ ሒሳብ ያዙ። የዘር፣ የውኃ፣ የጉልበት፣ የማዳበሪያ። ገበሬ ድሃ የሆነው ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን ያመረተው ካወጣው በታች ስለሚሸጥ ነው አሉ። የገበሬዎች ማኅበር አቋቋሙ። በ1980 የናሺክ አውራጃ ገበሬዎች ለሽንኩርትና ለሸንኮራ አገዳ ዋጋ መንገድና የባቡር ሐዲድ ዘጉ። ሺዎች ታሰሩ፣ ከፖሊስ ጋር በተፈጠረ ግጭትም የሰው ሕይወት ጠፋ። መፈክራቸው ይህ ነበር፦ «ምጽዋት አንፈልግም፣ የላባችንን ዋጋ ስጡን።»  ካካ በወጣትነታቸው ያንን እየጮሁ ሐዲድ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ነበሩ። ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተለወጠ።

የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ላሳልጋዎን ውስጥ ዋጋን ከጨርቅ ስር ያወጡት ሰዎች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ግን በአንድ ምሽት የሚታወጅ እገዳ ያንን ጨርቅ መልሶ ያለብሰዋል። ገበሬው ግቢው ውስጥ ቆሞ የሚሰማው ጥሪ የገበያው ድምፅ አይሆንም ያኔ፣ ሩቅ የተወሰነ ነገር ነው። ለከተማው ሰው ርካሽ ሽንኩርት መስጠት የፈለገ መንግሥት ከራሱ ካዝና አውጥቶ ይደጉመው። ከካካ ኪስ ለምን ይወስዳል? አውቃለሁ፣ ይህን የማይስማማበት ሰው አዳራሹ ውስጥ ይኖራል፣ በጥያቄ ጊዜ እንነጋገርበታለን።

በ2024 ምርጫ ኒፋድ ያለበት የዲንዶሪ ምርጫ ክልል የማዕከላዊ መንግሥቱን ሚኒስትር ዴኤታ ባርቲ ፓዋርን አውርዶ ባስካር ባጋሬ የሚባሉ አስተማሪን መረጠ። ጋዜጦቹ ምክንያቱን በአንድ ቃል ጻፉት፤ ሽንኩርት። የወጪ ንግድ ቀረጡ ቀስ በቀስ ተቀነሰ፣ በሚያዝያ 2025 ተነሳ።

ያን ቀን ካካ ገንዘባቸውን ከተቀበሉ በኋላ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁና ልጨርስ። ግቢው ጥግ አንድ የኒም ዛፍ አለ፣ ከስሩ ቁጭ ብለው ቆጠሩት። ሦስት ቦታ ከፈሉት። አንዱን ለትራክተሩ ባለቤት። አንዱን ለማዳበሪያ ሻጩ፣ ሱቁ ከገበያው በር ፊት ለፊት ነው፣ ዱቤያቸውን ከደብተሩ ላይ አሰረዙ። ሦስተኛውን ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ወደ ከተማዋ መንገድ ወጣን። ለልጅ ልጃቸው ደብተርና እርሳስ ገዙ። ለባለቤታቸው ብርጭቆ አምባር ገዙ፣ አረንጓዴ። ጃሌቢ የሚባለውን ጣፋጭ ግማሽ ኪሎ አስጠቀለሉ። እኔ ልክፈል ብል እጄን ያዙት።

ወደ ቤት የተመለስነው በባዶው ተሳቢ ላይ ቆመን ነው። ባዶ ተሳቢ መንገድ ላይ ይንኳኳል፣ ሰው ተጯጩሆ ነው የሚነጋገረው። ከሌላ መንደር የሚመጣ ትራክተር ሙሉ ሽንኩርት ጭኖ በአጠገባችን ሲያልፍ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ። «ስንት ተጠራ?» ካካ ዋጋውን መልሰው ጮኹለት።